አምስተኛው «ማ» የባለቤቱ ነው

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከጎፋ እስከ መካኒሳ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ ባሉ የማምረቻ ድርጅቶች ግድግዳ ላይ አምስት ቃላት የተጻፉበት ሠሌዳ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማፅዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የካይዘን ሥልጠና የወሰደ ሠራተኛ «አምስቱ ማዎች» እያለ ይጠራቸዋል። ሠሌዳው በተሰቀለ ዕለት ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ሥራ አስኪያጁም ንግግር ያደርጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚገኘው ሠሌዳው ብቻ ነው።

ሥልጠናው አንድ፣ ማኑዋሉ አንድ፣ አሠልጣኙም አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ድርጅት ሲለወጥ ሌላው ወደ ነበረበት የሚመለሰው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው።

አምስቱ ቃላት ሴይሪ፣ ሴይቶን፣ ሴይሶ፣ ሴይኬትሱ እና ሺትሱኬ የሚባሉት የጃፓንኛ ቃላት አቻዎች ናቸው። (ከቢሮ ትርጉሞች ሁሉ ከተሳካላቸው ጥቂቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። አምስቱም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፤ አምስቱም ሰው በቤቱ የሚናገራቸው ቃላት ናቸው።) በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሲታይ ማጣራት ማለት የተቆራረጠውን ላሜራና ቱቦላሬ፣ የተቃጠለውን ሞተር፣ «አንድ ቀን ይጠቅማል» ተብሎ ለዓመታት የተከመረውን ሁሉ ለይቶ ማውጣት ነው። ማስቀመጥ ለመፍቻው፣ ለግራይንደሩና ለዲስኩ የታወቀ ቦታ መስጠት ነው። ማፅዳት መጥረግ ብቻ ሳይሆን እየጠረጉ ማሽኑ የት ዘይት እንደሚያንጠባጥብ ማየት ነው። ማላመድ ደግሞ ሦስቱን በቀለም መስመር፣ በምልክትና በተራ ሠንጠረዥ ወደ ደንብ መለወጥ ነው።

እነዚህን አራቱን ፈቃደኛ ሠራተኞች በአንድ ሳምንት ሊጨርሷቸው ይችላሉ። አምስተኛው፣ ማዝለቅ፣ በሳምንት የሚያልቅ አይደለም። ትዕዛዝ ሲደራረብ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ነባሩ ባለሙያ ሲለቅ ያው ደንብ እንዲቀጥል ማድረግ የሚችለው ደንቡን የማፍረስ ሥልጣን ያለው ሰው ብቻ ነው። እሱም ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ነው። አንድ ትልቅ ደንበኛ ሐሙስ ከሰዓት መጥቶ «ለቅዳሜ አድርሱልኝ» ሲል አለቃው «ይሄን ካይዘን ለዛሬ ተዉትና ሥራው ይውጣ» ካለ፣ ሠራተኛው ከዚያች ዓረፍተ ነገር የሚማረው ከሦስት ወር ሥልጠና የበለጠ ነው። ደንቡ ለጎብኚ እንጂ ለሥራ እንዳልሆነ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ መፍቻው ወደ ቦታው ባይመለስ የሚፈረድበት ሠራተኛው አይሆንም።

የጠፋ መፍቻ ዋጋ

ነገሩ የፅዳት ጉዳይ የሚመስላቸው ባለሀብቶች ስላሉ ቁጥር ማስቀመጡ ይጠቅማል። 40 ሠራተኞች ያሉት አንድ ወርክሾፕ እንውሰድ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ዕቃ በመፈለግ፣ ዕቃ ክፍል ኃላፊው እስኪመጣ በመጠበቅ ወይም በስህተት የተቆረጠን በመድገም በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ያጠፋል እንበል። ይህ በቀን 20 ሰዓት ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ቢታሰብ 520 ሰዓት፣ ማለትም 65 የሰው ቀን ይሆናል። አማካይ ደመወዝ 10,000 ብር ከሆነ በየወሩ 25,000 ብር፣ በዓመት 300,000 ብር ምንም ሳይመረትበት ይከፈላል።

ይህም ትንሹ ነው። ትልቁ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። ያው ወርክሾፕ የማይሸጥና የማይሠራበት የ3 ሚሊዮን ብር ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ ቆልፎ ቢቀመጥ፣ የባንክ ወለድ በ17 በመቶ ቢሰላ፣ በዓመት 510,000 ብር ይበላል። ይህ ወጪ በደረሰኝ አይመጣም። በሒሳብ ሠራተኛው መዝገብ ላይም «ብክነት» የሚል ርዕስ የለም። ስለዚህ ማንም አያየውም፤ ሊያየው የሚችለውም ወደ ማምረቻው ወርዶ የሚቆም ኃላፊ ነው።

ከላይ የመጣ ፍላጎት

ካይዘን ወደ ኢትዮጵያ የገባበት መንገድ ራሱ ስለ አመራር የሚናገረው አለው። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆሴፍ ስቲግሊትዝ የሚመሩት ቡድን ከጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ስብሰባ አድርጎ ነበር። በዚያ ወቅት ጃይካ በቱኒዝያ ፋብሪካዎች የሠራው የካይዘን ሥራ የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን ትኩረት ሳበ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተመሳሳይ ድጋፍ ለኢትዮጵያ እንዲሰጥ ጠየቁ፤ ኬንኢቺ ኦኖ እና ኢዙሚ ኦኖ ከተባሉ ጃፓናውያን ምሁራን ጋርም ስለ ኢንዱስትሪ ፖሊሲ ራሳቸው እየተገኙ ይወያዩ ነበር። በ2002 ዓ.ም. 30 ኩባንያዎች ለሙከራ ተመርጠው ሥራው ተጀመረ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቋመ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ወረደ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለተቋማቱ ከሚሰጧቸው አራት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎቶች አንዱ ካይዘን ሆነ፤ ሌሎቹ የቴክኒክ ክህሎት፣ ኢንተርፕረነርሺፕና ቴክኖሎጂ ናቸው። በዚህም በኩል ቃሉ በየሼዱ ደረሰ። አገሪቱ ያጣችው ዕውቀቱን ወይም አሠልጣኙን አይደለም ማለት ነው። የአንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጉጉት ግን ተቋም ያቆማል እንጂ በየፋብሪካው ገብቶ የፈረቃ ኃላፊውን ሊተካ አይችልም።

ባለቤቱ ለምን ይተወዋል?

«የእኛ ሰው ለውጥ አይወድም» የሚለው የተለመደ መልስ ሰነፍ መልስ ነው። ባለቤቶቹ ሞኞች አይደሉም፤ ጊዜያቸውን ትርፉ ወዳለበት ያውላሉ። ለረጅም ዓመታት ደግሞ ትርፉ የነበረው ከማምረቻው ክፍል ውጪ ነው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲሸጥ በጥቁር ገበያ ዋጋው እጥፍ ያህል ነበር። በባንክ ዋጋ ኤልሲ የተከፈተለት አምራች ገና ጥሬ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሳይደርስ አትርፏል። ያልተከፈተለት ደግሞ ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ አንድ ባለቤት ጠዋቱን በባንክ ወረፋ፣ ከሰዓቱን በጉምሩክ ቢያሳልፍ ስሌቱ ትክክል ነበር። ብክነትን በ10 በመቶ ከመቀነስ አንድ ኤልሲ ማስከፈት ይበልጥ ነበር። ማምረቻው ለፎርማኑ ተተወ፤ ካይዘኑ ደግሞ ለ«ካይዘን አስተባባሪ»።

አስተባባሪ መሾሙ ክፋት የለውም። ችግሩ አስተባባሪው ብዙውን ጊዜ ወጣት፣ አዲስ ተመራቂና በጀት የሌለው መሆኑ ነው። የ20 ዓመት ልምድ ያለውን የማሽን ክፍል ኃላፊ ሊያዝዘው አይችልም። ሪፖርት ይጽፋል፣ ሠሌዳ ያድሳል፣ ጎብኚ ያስጎበኛል። ሻል ያለ ደመወዝ ሲያገኝ ይለቃል፤ ካይዘኑም አብሮት ይወጣል።

ሌላው ምክንያት ሠራተኛው ዘንድ ያለ ጥያቄ ነው፤ አመራሩ ሊመልሰው ስለማይፈልግ በዝምታ ይታለፋል። «ቆጠብን፤ ለማን?» የሚል ነው። አንድ የስፌት መስመር በ12 ሰው የሚሠራውን በ10 ሰው መሥራት እንደሚቻል የሠራተኞቹ ቡድን ራሱ ካገኘው፣ ሁለቱ ምን ይሆናሉ? ከተባረሩ ያ ቡድን ሁለተኛ ሐሳብ አያመጣም። ወደ ሌላ ሥራ ከተዛወሩና ከቁጠባው ጥቂቱ በቦነስ መልክ ከተመለሰ ግን ሦስተኛውም አራተኛውም ሐሳብ ይመጣል። ይህን ውሳኔ ሊወስን የሚችል አስተባባሪ የለም፤ ገንዘብ የሚያስወጣ ውሳኔ ነውና።

ያው ሠራተኛ፣ ሌላ አለቃ

ይህን በገሃድ ያሳየ ፋብሪካ አሜሪካ ውስጥ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረውን የመኪና መገጣጠሚያ እ.ኤ.አ. በ1982 ዘጋው። ከኩባንያው ፋብሪካዎች በመጥፎነቱ የታወቀ ነበር። ከአምስት ሠራተኞች አንዱ ከሥራ ይቀር ነበር፤ በሥራ ሰዓት መጠጣትና ሆን ብሎ መኪና ማበላሸትም ያለ ነገር ነበር። በ1984 ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በሽርክና «ኑሚ» ብለው ሲከፍቱት ከተቀጠሩት መካከል 85 በመቶ ያህሉ የዚያው ፋብሪካ የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ፤ የሠራተኛ ማኅበራቸውም ያው። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ የሚቀረው ሠራተኛ ወደ 2 በመቶ ገደማ ወረደ። የመኪኖቹም ጥራት ከጃፓን ከሚመጡት ጋር የሚወዳደር ሆነ።

የተለወጠው አመራሩ ነው። በድሮው ፋብሪካ የማይጣሰው ሕግ «መስመሩ አይቆምም» የሚል ነበር። የተበላሸም ቢሆን መኪናው ይለፍ፣ በኋላ ይጠገናል። በኑሚ ግን በእያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ ገመድ ተሰቀለ። ስህተት ያየ ገመዱን ይስባል፤ የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፤ በጊዜው ካልተስተካከለ መስመሩ ይቆማል። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስበው የሚገባ ነገር አለ። ገመድ ርካሽ ነው፤ የትም ፋብሪካ ይሰቀላል። ገመዱን የሳበ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሰደብ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመዱ ጌጥ ነው። የቡድን መሪው ደግሞ የማይሳደበው የእሱ አለቃ፣ ከዚያም የአለቃው አለቃ ስለ ቆመው መስመር ሳይሆን ስለ ስህተቱ ምንጭ ስለሚጠይቁት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሽያጭ ሲወድቅ ኑሚ ሠራተኛ አላባረረም። ትርፍ የሆኑትን በሥልጠናና አሠራርን በማሻሻል ሥራ ላይ አዋላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ የተፈተነው ያኔ ነው፤ ክፍያውም ከባለቤቶቹ ኪስ የወጣ ነበር። በሌላ በኩል ጄኔራል ሞተርስ ያንኑ አሠራር በዚያው ካሊፎርኒያ ቫን ናይስ ወደሚገኘው ፋብሪካው ለመውሰድ ሞክሮ አልሆነለትም። የቡድን ሥራ ተባለ፣ ሥልጠናም ተሰጠ፤ የኃላፊዎቹ አመለካከትና ከማኅበሩ ጋር የነበራቸው ቁርሾ ግን እንዳለ ነበር። ቫን ናይስ በ1992 ተዘጋ።

ጃፓኖቹ ራሳቸው ይህን የተማሩት ከውጭ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሲሄዱ ለመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን ለኩባንያ መሪዎችም ትምህርት ሰጥተዋል። በ1954 የተከተሏቸው ጆሴፍ ጁራንም ዋና አድማጮቻቸው ሥራ አስኪያጆች ነበሩ። ስለ ሠራተኞች የጥራት ቡድን መሰማት የተጀመረው ከዚያ በኋላ በ1962 ነው። ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከሠራተኛው ነው፤ ባለቤቱም የመክፈቻ ንግግር አድርጎ ይሄዳል።

በመንግሥት ቤት

የንግዱ ኅብረተሰብ ይህን ታሪክ ከመስኮቱ ማዶ ሆኖ በደንብ ያውቀዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም መጣ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ቢፒአር ተከተለ፤ ግድግዳ ፈረሰ፣ ጠረጴዛ ተደባለቀ፣ ብዙ ሠራተኛም ቃሉን ከቅነሳ ለይቶ አላየውም። ከዚያ ቢኤስሲ፣ ከዚያ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት፣ ካይዘንም በመካከል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፈተ።

ሁሉም ከንቱ ነበሩ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ነጋዴ ልዩነቱን ይመሰክራል። ይሁን እንጂ አንዱ መርሐ ግብር ሥር ሳይሰድ በሌላ ስም ሲተካ፣ የቢሮ ኃላፊውም እየተዛወረ በየጊዜው አዲስ ሰው ሲመጣ፣ ሠራተኛው አንድ ጥበብ ይማራል። ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ። «ይሄም ያልፋል» የሚል ሠራተኛን አዲስ ሥልጠና አይለውጠውም፤ አምስት ዓመት ሳይዛወርና ቃሉን ሳያጥፍ የሚቆይ ኃላፊ ግን ሊለውጠው ይችላል።

ቦታ መለወጥ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል። የፒያሳው አትክልት ተራ በኮቪድ ምክንያት በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደ ተሠራለት ማዕከል ሲዛወር ገበያው በአጭር ጊዜ ሼድና መንገድ አገኘ። ቲማቲም በሣጥን እንዴት እንደሚደረደር፣ ማን ዋጋ እንደሚቆርጥ፣ የተበላሸው በማን ሒሳብ እንደሚወድቅ የሚወስነው ልማድ ግን ከጭነቱ ጋር አብሮ የተጓዘ ነው። ልማዱን እንዲለውጥ የተሾመ ሰው አልነበረምና።

አሁን ለምን?

የቀድሞው ስሌት ተቀይሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በወረፋ የሚገኘው ትርፍ ሲጠብ ከውጭ የመጣ ላሜራ፣ ጨርቅ ወይም ኬሚካል ሲባክን የሚያስከፍለው ብር በአንጻሩ እጥፍ ሆነ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. የአስመጪነት፣ የላኪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው አዋጅ ጸድቋል። ከእንግዲህ የሚመጣው ተወዳዳሪ በፈቃድና በትውውቅ ሳይሆን በወጪ የሚወዳደር ነው። በጎፋ ወይም በመካኒሳ ላለ አምራች የተረፈው ሜዳ በግቢው ውስጥ ያለው ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የባለቤቱ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አክሲዮን የሚገዛ ሰው የሚገዛው የድርጅቱን ልማድ ጭምር ነው። በደንበኛ ሳቢ መግለጫ ላይ «1,200 ሠራተኞች የካይዘን ሥልጠና ወስደዋል» ቢባል ብዙም አይናገርም። ባለሀብቱ ከቻለ ግቢውን ሄዶ ይይ። ሠሌዳው ላይ የመጨረሻው ቁጥር የተጻፈው መቼ እንደሆነ ያንብብ። ማንኛውንም ሠራተኛ «በመጨረሻ ያቀረብከው ሐሳብ ምን ነበር፣ ምንስ ተደረገ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሠራተኛው መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ፎርማኑ ቢያይ መልሱ ተገኝቷል። ሥራ አስኪያጁ ማምረቻው ውስጥ ሲያልፍ ሰዎች የሚያደርጉትን ይመልከት፤ ድንገት ፍጥነታቸው ከጨመረ ኃላፊው ለእነሱ እንግዳ ነው።

ግቢው ካልተፈቀደለት የሒሳብ ሪፖርቱ አለ። የክምችት መጠን ከሽያጭ ጋር ሲነጻጸር ከዓመት ዓመት እያደገ ከሆነ፣ ሥልጠናው ቢደጋገምም ማጣራት የሚባለው አልተደረገም። የተመላሽ ዕቃና የዋስትና ወጪ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሠራተኛ ፍልሰት ሦስት ዓመት ተከታትለው ከታዩ ብዙ ይናገራሉ። የአንድ ዓመት መሻሻል አያታልል፤ ሠሌዳው በተሰቀለበት ዓመት ሁሉም ይሻሻላል። መታየት ያለበት ሦስተኛው ዓመት ነው። የሚያውቀው ሰው እዚያ ድርጅት ካለ ደግሞ ሰኔ 30 ለዓመታዊው ቆጠራ መጋዘኑ ሲከፈት አብሮ ቢገባ ከማንኛውም ሪፖርት የተሻለ ያያል። በዚያ ዕለት ከመደርደሪያው ጀርባ የሚወጣው ዕቃ ላይ ያለው አቧራ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ለማንም ግልጽ ነው።